ሠርጉና ኮሮጆው

ጸሐፌ ተውኔት የሆነ ሰው ከአገሩ ውጭ ሲጓዝ ዐይኑ የሚያርፈው በሐውልቶችና በአደባባዮች ላይ ብቻ አይደለም። ሰው ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ቦታ ሁሉ መድረክ ይታየዋል፤ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ፣ ይልቁንም ማን ዝም እንዳለ ይቆጥራል። እኔም በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር አንድ አነስተኛ የቴያትር ቡድን ባደረገልኝ ግብዣ ዋርሶ ከተማ ሦስት ሳምንት ያህል ሰንብቼ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ጉዞ በልቤ ተተክሎ የቀረው ተውኔት በአዳራሽ ውስጥ የታየ አልነበረም። በአንድ መኖሪያ ቤት፣ በአንድ የእራት ገበታ ዙሪያ የተከናወነ ነበር።

ያረፍኩት በጡረታ ላይ በሚገኙ አንዲት መምህርት ቤት ነው። የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አማርኛና ግዕዝ ሲያስተምር የኖረ ተቋም መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። አስተናጋጄ በወጣትነታቸው በዚያ አማርኛ ተምረዋል፤ አዲስ አበባም ጥቂት ዓመታት ኖረዋል። በአማርኛቸው ውስጥ ዛሬ በከተማችን መንገድ ላይ የማይሰማ የቆየ ወዝ አለ። «እንደምን አደሩ» ብለው ሲጠይቁ መልሱን በእርግጥ ለመስማት ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ራሴን ማስጠንቀቅ ይገባኛል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ የአገሩ ሰዎች ያነበቡት ስለ ኢትዮጵያ እንደ ተጻፈ ታሪክ ብቻ አልነበረም። የራሳቸውን ገዥዎች ገጽታ በእኛ ቤተ መንግሥት መስተዋት ውስጥ አዩበት። በዚያ መስተዋት ላይ ግን የእኛ ሰው መልክ መጣመሙን ያመለከቱ የአገራችን ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እኔም ዛሬ በተራዬ የፖላንዶችን ጠብ ይዤ የራሴን ቤት ግድግዳ ልቀባበት አልፈልግም። ያየሁትን ባየሁበት ቦታ ላስቀምጠው።

በዚያ ወር ፖላንድ ፕሬዚደንቷን ትመርጥ ነበር። ግንቦት 10 ቀን (እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2025) በተደረገው የመጀመሪያ ዙር 13 ዕጩዎች ቀርበው ሁለቱ ለሁለተኛው ዙር አለፉ። አንደኛው ከ2018 ጀምሮ የዋርሶ ከንቲባ የሆኑት ራፋው ትሻስኮቭስኪ ናቸው። የጃዝ ሙዚቀኛ ልጅ፣ ቋንቋ አዋቂ፣ አውሮፓ አውሮፓ የሚሸቱ የከተማ ሰው፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ ሊበራል ወገን ዕጩ ነበሩ። ሁለተኛው ካሮል ናቭሮትስኪ ናቸው። የታሪክ ምሁር፣ የብሔራዊ መታሰቢያ ተቋም ሹም፣ በወጣትነታቸው ቦክስ የተጋጠሙ፤ ቤተ ክርስቲያንን፣ ቤተሰብንና ብሔራዊ ክብርን ዓርማው ያደረገው ወግ አጥባቂው የሕግና ፍትሕ ፓርቲ የደገፋቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ትሻስኮቭስኪ 31.36፣ ናቭሮትስኪ 29.54 ከመቶ አገኙ።

ሥራ አስፈጻሚው ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሆነበት አገር ስለ ፕሬዚደንት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ፕሬዚደንቱ በእጁ የያዘው ብዕር ነው። ፓርላማው ያወጣውን ሕግ አልፈርምም ሊል ይችላል፤ እምቢታውን ለመሻር ከተገኙት እንደራሴዎች ከአምስት ሦስት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል። የቱስክ መንግሥት ይህ ቁጥር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሥልጣን ቢይዝም፣ ተሰናባቹ ፕሬዚደንት አንጄይ ዱዳ የተመረጡት በወግ አጥባቂዎቹ ድጋፍ ስለነበር፣ ስለ ፍርድ ቤቶች ነፃነትና ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ የገባው ቃል በዚያ ብዕር ጫፍ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ አንደኛው ወገን «በሩ ይከፈት»፣ ሌላኛው ወገን «መቀርቀሪያው ይጥበቅ» የሚል ምርጫ ሆነ።

የአገሩ ሕግ አንድ የወደድኩለት ነገር አለው። ዓርብ እኩለ ሌሊት ላይ ቅስቀሳ ሁሉ ይቆማል። እሑድ የምርጫ ጣቢያዎች እስኪዘጉ ድረስ ማንም ማንንም «እንዲህ ምረጥ» ብሎ በአደባባይ ሊሰብክ አይችልም፤ ይህንንም «የምርጫ ጸጥታ» ይሉታል። ቅዳሜ ዕለት ከተማው መጋረጃ ሊገለጥ ሲል እንዳለ አዳራሽ ነበር። በአስተናጋጄ ቤት ግን ጸጥታው ከዚያ በፊት የጀመረ ነው።

ምክንያቱ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። የ72 ዓመት አዛውንት፣ በሙያቸው ግንበኛ የነበሩ፣ በደቡብ ምሥራቅ ፖላንድ በፖድካርፓቺዬ አውራጃ በአንዲት መንደር የሚኖሩ፣ ለዐይን ሕክምና ዋርሶ የመጡ ሰው ናቸው። ከመንደራቸው ሲነሡ በማናቸውም ጣቢያ ድምፅ ለመስጠት የሚያስችላቸውን የምስክር ወረቀት አስጽፈው፣ በመሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘው ነበር። እህትየው ለማን እንደሚመርጡ ወንድምየው ያውቃሉ፤ ወንድምየው ለማን እንደሚመርጡም እህትየው ያውቃሉ። አንዱ ሌላውን አይጠይቅም። በገበታ ላይ ስለ ዐይን ጠብታ፣ ስለ ድንችና ስለ ሟች እናታቸው ብቻ ይነጋገራሉ።

እሑድ ግንቦት 24 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2025) ከቅዳሴ በኋላ አብሬያቸው ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። ጣቢያው የአካባቢው ትምህርት ቤት ነው። ወንድምየው በደንብ ስለማያዩ እህትየው ክንዳቸውን ይዘው ደረጃውን አወጧቸው። ከበሩ ውጭ ቆሜ ሁለቱም ተራ በተራ ድምፃቸውን በአንድ ኮሮጆ ውስጥ ሲጨምሩ አየሁ። ሲወጡም እንደ አገባባቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነበር። በስሌት ከሄድን የአንዱ ድምፅ የሌላውን ድምፅ ሰርዞታል። እህትየው ወንድማቸውን እየመሩ የወሰዷቸው የራሳቸውን ድምፅ እንዲሰርዙ ነው። ይህን ለራሴ ባልኩ ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት።

ምሽት ላይ የአስተናጋጄ ልጅ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። እርሷ በቴያትር ቤት የመብራት ባለሙያ ናት። ከእርሷ ጋር ሁለት ተዋንያን፣ አንድ ሠዓሊና አንዲት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ጸጥታው አበቃና፣ ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁ ሰዎች የተሰበሰበው ግምት በቴሌቪዥን ታየ። ትሻስኮቭስኪ 50.3፣ ናቭሮትስኪ 49.7። ቤቱ ፈነዳ። ተዋንያኑ ተቃቀፉ፤ ሠዓሊው ወንበር ላይ ወጣ። በቴሌቪዥኑም ትሻስኮቭስኪ ማሸነፋቸውን ለደጋፊዎቻቸው ሲያበሥሩ ተሰማ። እኔም ብርጭቆዬን አነሣሁ።

ለምን አነሣሁ? በዚያ አገር ድምፅ የለኝም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የእኔ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ያነበብኩትን አንብበዋል፤ በሳቅኩበት ይስቃሉ። ድላቸው የእኔ ድል መሰለኝ። በዚህ መካከል ቀና ስል አዛውንቱን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው በር ላይ መቃኑን ተደግፈው፣ ግማሽ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ቆሙ። ከእኔ በስተቀር ያያቸው ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ያን አቋቋም አውቀው ነበር። በዩኒቨርሲቲ የቴያትር ጥበባት ተማሪ ሳለሁ ስለ ስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪ ተምሬአለሁ። ባለቅኔ፣ ጸሐፌ ተውኔትና ሠዓሊ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1900 ወዳጁ ባለቅኔው ሉትሲያን ሪደል በክራኮቭ አጠገብ ካለች ብሮኖቪትሴ ከምትባል መንደር አንዲት የገበሬ ልጅ ሲያገባ ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበር። በሠርጉ ሌሊት ሳይጨፍር የበሩን መቃን ተደግፎ ሲመለከት እንዳደረ ይነገርለታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1901፣ «ሠርግ» የተሰኘው ተውኔቱ በክራኮቭ መድረክ ላይ ታየ። አገሪቱ ያን ጊዜ ለሩሲያ፣ ለፕሩሲያና ለኦስትሪያ ተከፋፍላ ከካርታ ላይ ከጠፋች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ተውኔቱ የሚያሳየው የከተማ ምሁርና የመንደር ገበሬ በአንድ ጣራ ሥር ሲበሉና ሲጨፍሩ ነው። ምሁሩ የገበሬውን ቀሚስና ዘፈን ያደንቃል፤ ገበሬው ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ሲጠይቀው ግን መልስ አይሰጠውም። በሌሊቱ መናፍስት ይመጣሉ። አንድ አረጋዊ ነቢይ ሕዝቡን ለነፃነት የሚጠራ የወርቅ ቀንደ መለከት ለቤቱ ባለቤት ያስረክባል። ባለቤቱ ለአንድ ጎረምሳ ይሰጠዋል፤ ጎረምሳው የፒኮክ ላባ ያለበት ቆቡ ወድቆበት ሊያነሣ ሲጎነበስ መለከቱን ይጥለዋል። ሲነጋ ሁሉም ጥሪውን ለመስማት ጆሮውን አቅንቶ ቆሞአል፤ ጥሪው ግን አይመጣም። በምትኩ የገለባ ጭራቅ ማሲንቆ መሳይ መሣሪያ ይዞ ይጫወትላቸዋል፤ እነርሱም እንደ ሕልመኛ በአንድ ቦታ ይሽከረከራሉ።

በተማሪነቴ ይህን ተውኔት የተረዳሁት ስለ ጠፋው መለከት አድርጌ ነበር። በዚያ ምሽት ግን መለከቱ ከመጥፋቱ በፊት የጠፋ ሌላ ነገር መኖሩ ታየኝ። በአንድ ቤት ያሉት ሰዎች አንዱ ለሌላው ጌጥ ሆኖ ነበር እንጂ ተነጋጋሪ አልሆነም።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ አዲስ ግምት መጣ፤ ቁጥሩ ተገለበጠ። ሠዓሊው ከወንበሩ የወረደው ቀደም ሲል ቢሆንም አሁን እንደ ገና የወረደ ያህል አጠረ። ጧት ላይ የመጨረሻው ውጤት ተነገረ። ናቭሮትስኪ 10,606,877 ድምፅ፣ ትሻስኮቭስኪ 10,237,286 ድምፅ። 50.89 ለ49.11። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው በሰጠው ድምፅ ልዩነቱ 369,591 ነበር። ከመራጩ ሕዝብ 71.63 ከመቶው ወጥቶ መርጦአል። እ.ኤ.አ. በ2020ም ዱዳ እኒሁኑ ትሻስኮቭስኪን ያሸነፉት 51.03 ለ48.97 ነበር።

የምርጫውን ካርታ ያየ ሰው ይደነቃል። ምሥራቁና ደቡብ ምሥራቁ በአብዛኛው ለወግ አጥባቂው፣ ምዕራቡና ታላላቅ ከተሞች በአብዛኛው ለሊበራሉ ቆመዋል። በ18ኛው ምዕት ዓመት ሦስቱ ነገሥታት አገሪቱን የተካፈሉበት ድንበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 በኋላም ሕዝብ ከቦታ ቦታ የተነቀለበት ታሪክ ዛሬም በድምፅ ወረቀት ላይ ጥላውን ይጥላል። ይሁንና ካርታ ይዋሻል። ከ30 ዓመት በታች ከሆኑት ወጣቶች ግማሽ ያህሉ ለናቭሮትስኪ መርጠዋል። ድንበሩ የሚያልፈው በአውራጃዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሰኞ ጧት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሆነን ተቀመጥን። የልጅቱ ዐይን አብጦ ነበር። አዛውንቱ ደስታቸውን ደብቀው ዳቦ ይቆርሳሉ። እንግዳ ሰው አንዳንድ ጊዜ ዘመድ የማይችለውን ይችላልና፣ አስተናጋጄን «ለምን እንደ መረጡ ወንድምዎን ይጠይቁልኝ፤ ባይመልሱም አልቀየምም በሉልኝ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ጥቂት አመነቱና ተረጎሙ። ወንድምየው ቢላዋውን አስቀምጠው ይናገሩ ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። አስተናጋጄ ጥሩ ተርጓሚ ናቸው። ጥሩ ተርጓሚ ደግሞ «እርሱ እንዲህ ይላል» አይልም፤ «እኔ» ይላል። ስለዚህ ለሊበራሉ የመረጡት ሴት በራሳቸው አፍ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ ለዚያ ሰው የመረጥኩት መልአክ መስሎኝ አይደለም። በመንደሬ የሚያልፍ አውቶቡስ ነበር፤ አሁን የለም። በ2004 አውሮፓ ኅብረት ስንገባ ሁለቱ ልጆቼ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። መንገዱ ተሠርቷል፤ የሚሄድበት ልጅ ግን የለም። በ2012 የጡረታ ዕድሜ 67 ይሁን ብለው ወሰኑ። የወሰኑት ሰዎች በወንበር ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ እኔ ጡብ ስሸከም ኖሬአለሁ። በኋላ ሌሎቹ መጥተው ለወንድ ወደ 65 መለሱት፤ ለልጆች ማሳደጊያም በወር 500 ዝሎቲ ሰጡ። ያን ጊዜ የተማሩ ሰዎች በቴሌቪዥን ቀርበው ድምፃችንን በገንዘብ እንደ ሸጥን ተናገሩ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም ጨለማ ውስጥ ያለን ያህል ያዝኑልናል።»

ከዚያ አዛውንቱ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ጨመሩ። አስተናጋጄ አልተረጎሙም። ሲኒያቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «ይህን መተርጎም አለብኝ?» አሉኝ በአማርኛ። ምን ልበል? ዝም አልኩ። እርሳቸውም ቀና ብለው፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «እህቴ ትወደኛለች፤ በጓደኞቿ ፊት ግን ታፍርብኛለች» አሉ።

የራሳቸውን ክስ በራሳቸው አፍ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ «እኔ» ብለው ተናገሩ። በሃያ ዓመት የመድረክ ኑሮዬ ከዚህ የከበደ ቃለ ተውኔት ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ልጅቱም ለአጎቷ ተናገረች፤ አሁንም እናትየው ተረጎሙልኝ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የፅንስ ማቋረጥን ሕግ ባጠበቀው ጊዜ ከሺህዎች ጋር አደባባይ እንደ ወጣች፣ ሐኪም ሕጉን ፈርቶ እጁን በሚሰበስብበት አገር ለማርገዝ እንደምትፈራ፣ ፍርድ ቤት በባለሥልጣን እጅ ሲገባ ማን እንደሚታደጋት እንደማታውቅ አስረዳች። አዛውንቱ እስክትጨርስ አዳመጡና «ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት። እርሷም «አጎቴ፣ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተቃቀፈም፤ ማንም ሐሳቡን አልለወጠም። እኔም ብሆን ዳኛ ከሹም ቁጣ ነፃ መሆን አለበት፣ ሴትም በሕመሟ ጊዜ የሕግ ምርኮኛ ልትሆን አይገባም የሚለው እምነቴ አልተነቃነቀም። የአዛውንቱ አውቶቡስ መቅረት የሊበራሎቹን ክርክር ሐሰት አያደርገውም፤ የልጅቱም ፍርሃት የአዛውንቱን ውርደት አይሰርዘውም። በኮሮጆ ውስጥ ድምፅ ድምፅን ይሰርዛል። በገበታ ላይ ግን አንድም ቃል ሌላውን ቃል አልሰረዘም፤ ሁለቱም ቆመው ቀሩ። ምርጫ የማን እጅ ብዕሩን እንደሚይዝ ይወስናል እንጂ፣ የተሸነፈው ግማሽ ሕዝብ የተናገረውን እንዳልተነገረ ሊያደርገው አይችልም። ያንን ቃል ተሸክሞ ወደ ሌላው ጆሮ የማድረስ ሥራ የሌሎች ሥራ ነው፤ የመምህሩ፣ የደራሲው፣ የተዋናዩ።

ከዋርሶ ይዤ የተመለስኩት ደስ የማይል ነገር እዚህ ላይ ነው። በሻንጣዬ ውስጥ ለቡድኑ ላነብ ይዤው የሄድኩት ያልተጠናቀቀ ተውኔት ነበር። በውስጡ ዳዊት የሚደግሙ፣ ለአዲስ ነገር ሁሉ ፊታቸውን የሚያዞሩ አንድ የገጠር ሽማግሌ አሉ። ሲገቡ ይሰናከላሉ፤ ሲናገሩ ቃል ይጠፋባቸዋል፤ ተመልካች በሳቃቸው ቁጥር ልጃቸው ያሸንፋል። የጻፍኩት በሙያ ነው፤ ሳቁ የት የት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ ዳዊት የሚደግሙ ገበሬ ነበሩ። የመጀመሪያ ተውኔቴ ለሕዝብ በታየ ጊዜ ነጭ ለብሰው ከአገር ቤት መጥተው ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። በዚያ ተውኔትም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያበቃ ከአዳራሹ ደጃፍ ጠብቀውኝ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። ሰዎቹ ግን በምን ሳቁ?» አሉኝ። እኔም «አባዬ፣ ተውኔት እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሌላ ጊዜ አልጠየቁኝም። በዋርሶ «በጓደኞቿ ፊት ታፍርብኛለች» የሚለው ቃል ሲተረጎም የሰማሁት ያንን ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ የፖላንድ ነገር መንገዱን ቀጥሎአል። በቆጠራው ላይ ብዙ አቤቱታ ቀርቦ፣ በአንዳንድ ጣቢያዎች ስሕተት ተገኝቶ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ችሎት ሰኔ 24 ቀን ምርጫውን አጽድቆታል፤ የችሎቱን ሕጋዊነት ራሱን የሚጠራጠሩ አሉ። ናቭሮትስኪ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ፈጽመው ብዕሩን ያዙ፤ ወዲያውም ሕጎችን ሳይፈርሙ መመለስ ጀመሩ። በሩና መቀርቀሪያው እንደ ተፋጠጡ ናቸው።

አዛውንቱን ባቡር ጣቢያ የሸኘናቸው ረቡዕ ዕለት ነው። የእጅ ሻንጣቸውን የያዘችው ልጅቱ ናት። ብዙ አልተነጋገሩም። ባቡሩ ሊነሣ ሲል ግን አዛውንቱ ከበሩ ላይ ሆነው አንድ ነገር ጠየቋት፤ እርሷም ረዘም አድርጋ መለሰችላቸው። አስተናጋጄን «ምን ተባባሉ?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ወንድማቸውንና ልጃቸውን እያዩ ፈገግ አሉና «ይህኛውን አልተረጉምልዎትም፤ የእነርሱ ነው» አሉኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ተውኔቱን አውጥቼ ሦስተኛውን ገቢር ሰረዝኩት። ሽማግሌው አሁን ሲገቡ አይሰናከሉም። ከልጃቸው ጋር የሚከራከሩበትን ትዕይንት አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አራት ጊዜም ልጁ በቀላሉ ያሸንፋል። በአምስተኛው ላይ ነኝ።